የካውቦዩ ጸሐፊ

ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ሲል የአንድ የካንትሪ ዘፋኝ ጸሐፊ ነበርኩ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የምሬን ነው። ቢሮዬ ኖርዌይ አገር፣ ሃውገሩድ የሚባል ሰፈር፣ የምንኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት፣ የቫክትሜስተሩ ክፍል ውስጥ ነበር። ወንበሬ የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ነው። ሥራዬ ደግሞ ማንበብ ለማይችል ሰው ደብዳቤ ማንበብ።

ሰውዬው ጋሼ ኣስመላሽ ነው። ቫክትሜስተር ማለት የሕንጻው ጠባቂም ጠጋኝም ማለት ነው። አምፖል የሚቀይረው፣ በረዶ የሚዝቀው፣ የተደፈነ ቱቦ የሚከፍተው እሱ ነበር። ወገቡ ላይ የቁልፍ ክምር ይንሿሿል፣ ራሱ ላይ ሰፊ ክፈፍ ያለው ቡናማ ባርኔጣ አለ። በጃንዋሪ ብርድ፣ ሰው ሁሉ የሱፍ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቦ ሲጣደፍ፣ እሱ በካውቦይ ባርኔጣ በረዶ እየዛቀ በእንግሊዝኛ ስለ ባቡር ይዘፍናል። ድምፁ ወፍራም ነው፣ የዘፈኑ መጨረሻ ላይ ግን ስንጥቅ ይላል። እናቴ ሐዋ በመስኮት እያየችው "አይ የአስመራ ሰው፣ ይሄ እኮ ብርድም አይፈራ" ትል ነበር።

"አንተ" እያልኩት ነው ያደግሁት። እናቴ "እርስዎ" እንድለው ስትቆጣኝ ሰምቶ፣ ተያት፣ እርስዎ ስትለኝ ጥርሴ የረገፈ ይመስለኛል አላት። በዚያው ቀረ። እሱ ደግሞ እኔን "ጓለይ" ይለኛል፣ በትግርኛ ልጄ ማለቱ ነው።

ጸሐፊነቱ እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አላነብም ነበር። ፊደሎቹን አሳምሬ አውቃቸዋለሁ፣ አፌ ነው እምቢ የሚለው። መምህሯ ስሜን ስትጠራ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ይጣበቃል፣ ሃያ አራት ልጅ ዞሮ ያየኛል፣ ከዚያ ተራው ለሌላ ይሰጣል። አንድ ቀን አባቴ ሑሴን ሽኩሌ፣ ማለትም ትምህርት ቤቴ፣ ተጠርቶ ሄደና ሲመለስ ጋሼ ኣስመላሽን ወጥ ቤት አስገብቶ በሩን ገርበብ አደረገው። አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ሲያንሾካሹክ እንኳ የኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። "ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ አፏ እስኪፈታ ነው" አለ። ጋሼ ኣስመላሽም "ታዲያ ሳታውቅ መሆን አለበት፣ ካወቀች አለቀ" አለው።

እኔ በዚያ ሰሞን ከደሴ ስለመጣችው ስለ አክስቴ ልጅ ስለ ኡምኩልሱም የሚያወሩ መሰለኝ። አንድ ቃል ኖርስክ፣ የኖርዌይን ቋንቋ፣ አትናገርም ነበርና ከልቤ አዘንኩላት።

በሳምንቱ ጋሼ ኣስመላሽ ደረጃው ላይ አስቆመኝ። የነዚህን ሰዎች ጽሑፍ ዓይኔ አልለምድ አለ፣ አንቺ የሽኩሌ ልጅ ነሽ፣ ደብዳቤዎቼን የሚያነብልኝ ሰው ቸግሮኛል አለኝ። ያን ዕለት ቁመቴ አንድ ክንድ የጨመረ መሰለኝ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም ዘፋኝ፣ ቸግሮት እኔን ለመነኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ምድር ቤት እወርዳለሁ። ክፍሉ ቀለም፣ እርጥብ ጓንትና ቤንዚን ይሸታል። የጊታሩን ሣጥን ይከፍትና ደብዳቤውን ያወጣል። ፖስታው ሁልጊዜ በቢላ ጥርት ተደርጎ ተከፍቶ ነው የሚሰጠኝ፣ ወረቀት እጅሽን እንዳይቆርጥሽ ብዬ ነው ይለኛል። አነባለሁ። "ጮክ በይ፣ የበረዶ ማሽኑ ጆሮዬን ደፍኖታል" ይላል። ጮክ እላለሁ። ስጨርስ ዓይኑን ጨፍኖ "ድገሚልኝ" ይላል። ሁልጊዜ። የመብራት ደብዳቤም ይሁን የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣ "ድገሚልኝ"። ቶሎ አይገባውም ምስኪን እያልኩ እደግምለታለሁ።

ደሞዜ ቸኮላታ ነው፣ የዚህ አገር ልጅ ከረሜላ የሚበላው ቅዳሜ ነውና። እሱ ክርስቲያን ቢሆንም እናቴን ያከብራል። የማሸጊያውን ጀርባ አገላብጦ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ የአሳማ ጄላቲን እንደሌለበት አንብቦ ነው የሚሰጠኝ።

አዎ፣ አንብቦ። በየመግቢያችን በር ላይ ደግሞ "ጫማ ኮሪደር ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ ነበር፣ ቀጥ ባለ ኖርስክ ተጽፎ ከሥሩ "ኣስመላሽ፣ ቫክትሜስተር" የሚል። በዚያ በር አልፌ ነው ማንበብ ለማይችለው ሰው ላነብለት የምወርደው። ልጅ ስትሆኑ ያመናችሁትን እንጂ ያያችሁትን አታዩም።

የሕይወቱን ታሪክ ያወቅሁት በደብዳቤዎቹ መሃል ነው። አስመራ ውስጥ ገና ጎረምሳ ሳለ አሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር ውስጥ ሥራ ይዞ ነበር። ራዲዮናቸው ቀን ከሌት ካንትሪ ይለቃል። ስለ ባቡር፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ እናት መቃብር ነው። ቃሉ ሳይገባኝ በፊት ልቅሶው ገባኝ ይላል። አንድ ቅዳሜ የክበባቸው ዘፋኝ ታመመና "ሁሉንም እችለዋለሁ" ብሎ መድረክ ላይ ወጣ። ሲወርድ አንድ ሳጅን የራሱን ባርኔጣ አውልቆ ደፋበት። ያ ቡናማ ባርኔጣ ነው። ከዚያ ካርቱም ገባ፣ በየሠርጉ የአገሩን ዘፈን እየዘፈነ መሃል ላይ አንድ የካውቦይ ዘፈን ሾልኮ ያስገባል፣ ሽማግሌዎቹም ይሄን ጅብ የሚጠራ ዜማ ተው ይሉታል። ኖርዌይ ሲመጣ በዴንማርክ መርከብ ላይ ሳህን አጣቢ ሆነ። እዚያም ዘፋኝ ታመመ።

"ሰው ሲታመም ነው የሚያልፍልኝ" ብሎ ይስቃል።

መርከቡ ላይ ነው ከኡድቫር ጋር የተገናኙት። ኡድቫር ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ በብረት እየዳሰሰ የሚያስለቅስ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ከገጠር ሸለቆ የመጣ ኖርዌያዊ ነው። አንዴ ሃውገሩድ መጥቶ እኛ ቤት በእጁ በልቷል፣ እኔንም "ትንሿ ጸሐፊ" ብሎ ጨብጦኛል። ኖርዌይ ውስጥ ካንትሪ የከተማ ሰው አይሰማውም፣ የገጠር ሰው ግን ይሞትለታል። በየዓመቱ በጁላይ ወር በኡድቫር አገር ትልቅ ፌስቲቫል ይደረጋል፣ ሕዝቡ ካራቫን የሚሉትን ተጎታች ቤቱን እየጎተተ ሜዳውን ይሞላዋል። የጋሼ ኣስመላሽ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ እዚያ ዋናው መድረክ ላይ መቆም። በዓመት በዓመቱ ካሴት ይልካል፣ መልስ ይመጣል። "ስለ ፍላጎትዎ እናመሰግናለን፤ ዘንድሮ ቦታው ሞልቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይሞክሩ።" የቆዩትንም ሁሉ አውጥቶ አስነብቦኛል። ድገሚልኝ ይላል፣ እደግመዋለሁ። በቃሌ ያዝኩት። ለምን ካንትሪ ብዬ ብጠይቀው "ካንትሪ ማለት ባርኔጣ ያደረገ እንጉርጉሮ ነው፣ እናትሽን ጠይቂያት፣ ወሎዬ ያውቀዋል" አለኝ።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ እናቴ ወገቧን አመማትና ትንሽ ሻንጣ ይዛ ሆስፒታል ገባች። ወገቧን ነው፣ ትመለሳለች አለኝ አባቴ። ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ፣ አልተመለሰችም። ሴቶች ወጥ ይዘው ይመጣሉ፣ እኔን ሲያዩ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፣ አንዷ ጭንቅላቴን እየዳበሰች "አላህ ያውጣት" አለች። ከምን ነው የሚያወጣት? ጠየቅሁ። ብስኩት ሰጡኝ።

ዛሬ አውቀዋለሁ። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባት ነበር፤ ሦስተኛው እንዳይወርድ ሐኪሞቹ አስተኝተዋት ነው። ቤታችን ውስጥ ግን ገና ያልተወለደ ልጅ አይወራም፣ ዓይን ይገባዋል። እኔን ከዓይን ሊያድኑ ሳይሆን ከእኔ አፍ ልጁን ሊያድኑ ዝም አሉ። እኔም ብቻዬን ቁጭ ብዬ እናቴ እየሞተች እንደሆነ ደመደምኩ። አባቴ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ነው። የሽኩሌ ዕረፍት ሲመጣ ከጋሼ ኣስመላሽ ጋር ነሽ፣ ቃል ገብቶልኛል አለኝ። እሱን ብቻ ይዤ ቀረሁ።

ጁን ውስጥ አንድ ቅዳሜ ስወርድ ጋሼ ኣስመላሽ ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቀኝ። ዝም ብሎ ይስቃል። ባልዲዬን በጨርቅ ጠርጎልኛል። ፖስታውን ሰጠኝ። በታይፕ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው። በልቤ አነበብኩት።

ፌስቲቫሉ ነው። ዘንድሮ በዋናው መድረክ ላይ፣ ከኡድቫር ባንድ ጋር፣ እንዲዘፍን ደስ እያላቸው ይጋብዙታል። ከዚያ ሦስት ሳምንት በየሸለቆው እየዞሩ ይጫወታሉ።

ሦስት ሳምንት። እናቴ ሆስፒታል፣ አባቴ አውቶቡስ ላይ፣ እሱ በየሸለቆው። ከዚያ ያ እምቢ ባይ አፌ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልወጣ የሚለው አፌ፣ ወለም ዘለም ሳይል ተከፈተ። ጣቴን በመስመሮቹ ላይ እየነዳሁ በጠራ ኖርስክ አነበብኩለት፦

"ስለ ፍላጎትዎ እናመሰግናለን። ዘንድሮ ቦታው ሞልቷል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይሞክሩ።"

ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ።

"ድገሚልኝ" አለ።

ደገምኩለት፣ አንድ ቃል ሳልስት።

"አንብበሽ ጨርሰሽዋል?"

"ያ" አልኩት፣ በኖርስክ አዎ ማለቴ ነው።

ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ብዙ ሲያየኝ ቆየ፣ እኔ የቀለም ቆርቆሮዎቹን እቆጥራለሁ። "እሺ ጓለይ" አለ በመጨረሻ፣ "እንዳልሽ።" ደብዳቤውን አጥፎ የጊታሩ ሣጥን ውስጥ ከተተው። ቸኮላታውን አልረሳም። እኔ ግን ደረጃውን ስወጣ ያቺ ቃል ከነከነችኝ። እንዳልሽ? እኔ ምን አልኩ?

ያን በጋ የትም አልሄደም። ጫካ ወስዶ ብሉቤሪ አስለቀመኝ፣ ጠዋት ጠዋት ጸጉሬን እያበጠረ ያስለቅሰኝ ነበር። ብቻ አይዘፍንም። ሣር እያጨደም፣ ደረጃ እየጠረገም፣ ዝም። እኔ ግን የባሰ ነገር ስለሠራሁ ለምን አትዘፍንም ለማለት አፍ አልነበረኝም። ኦገስት ላይ ከኡድቫር አንድ ካርቶን መጣ። ውስጡ ባርኔጣ ነው፣ ልክ እንደሱ ቡናማ፣ ግን ትንሽ። የማን ነው አልኩት።

"የባንዱ የአንድ ሰው ነው" አለ፣ ከራሱ ባርኔጣ አጠገብ ምስማር ላይ እየሰቀለው። "ሳይመጣ ቀረ።"

ጭንቅላቱ ትንሽ የሆነ ከበሮ መቺ ነበር የታየኝ። ለስንት ጊዜ አዘንኩለት መሰላችሁ።

መስከረም ላይ የእናቴ የወገብ ሕመም ወንድሜ ሰዕድ ሆኖ ተገኘ፣ ሦስት ኪሎ ከአምስት መቶ። ፍርሃቴ እንደ ጉም በነነ፣ የሠራሁት ነገር ግን ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ ቀረ። በኡድቫር ባንድ ውስጥ የሱን ቦታ የያዘው ሰው ከሰሜን የመጣ ወጣት ነበር። በዓመቱ ካሴቱ በየነዳጅ ማደያው ተደረደረ። አባቴ ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም ያንን ፊት አያለሁ፣ እዚያ ላይ የማን ፊት መሆን እንደነበረበት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጋሼ ኣስመላሽ ከዚያ ወዲህ ለፌስቲቫሉ ካሴት ላከ ሲባል አልሰማሁም። በቢንጎ አዳራሽ፣ በካራቫን ሠፈር፣ በአረጋውያን መኖሪያ ዘፈነ። ሃያ ዓመት። አንድ የጋዜጣ ቁራጭ አለው፣ የመንደር ጋዜጣ ነው፣ "ከአስመራ የመጣው ካውቦይ" ይላል፣ ያም ስሙን አሳስቶታል።

እኔ ደግሞ በዚያው መስከረም ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ። አነበብኩ። ከዚያ ወዲህ ማን ዝም ያሰኘኝ? ዛሬ እንጀራዬ አፌ ነው፣ ቶልክ ነኝ። በሆስፒታሉም በኮሙኑ ማዘጋጃ ቤትም በሰውና በሰው መሃል ተቀምጬ አስተረጉማለሁ። ሥራችን ሲጀመር የምንምለው መሐላ አለ፦ ምንም ሳንጨምር፣ ምንም ሳናስቀር። በማልኩ ቁጥር ያ ምድር ቤት ይሸተኛል።

የዛሬ ስድስት ዓመት ስዳር፣ አባቴ በኒካሑ ማግስት ሰው ሰብስቦ ይቀልድብኛል። ይቺ ናት ዛሬ የምትለፈልፈው፣ አፏ እንዲፈታ ብለን ስንቱን ጉድ ሠራን፣ ኣስመላሽን የሚያህል ሰው መሃይም አድርገን እኮ ነው አለ። ሰው ሳቀ። እንዴት አልኩ። አሜሪካኖቹ ሰፈር የመጋዘን ጸሐፊ የነበረ፣ አምስት ቋንቋ የሚያነብ ሰው ነው አለኝ፣ በይሉኝታ እሺ ብሎኝ እንጂ።

ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ፖስታው ሁልጊዜ ተከፍቶ ነበር። ያንን ደብዳቤ እኔ ሳልነካው በፊት አንብቦታል። እየዋሸሁት እንደሆነ እያወቀ "ድገሚልኝ" አለኝ፣ ደገምኩለት፣ እሺ አለ። ለምን? ውሸታም ብሎ ለምን አልጮኸብኝም? ሻንጣውን ይዞ ለምን አልሄደም? ጥያቄው ስድስት ዓመት በላኝ፣ ግን አፍ አውጥቼ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ይሉኝታ በዘር ይተላለፋል ልበል?

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ እሱ ራሱ ደወለልኝ። አሁን ሮምሶስ ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፣ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ዓይኔ ደከመ፣ ደብዳቤ ተከምሮብኛል፣ ጸሐፊ ቸገረኝ አለ። በባናው፣ በከተማው ባቡር፣ እየሄድኩ ሳቄም እንባዬም መጣ፣ ዘንድሮ የእውነቱን ነው።

የጡረታውን፣ የሐኪሙን፣ የቤቶች ማኅበሩን የቦረትስላጉን ደብዳቤ አነበብኩለት። ጨርሼ ቀና ስል ግድግዳው ላይ ሁለቱ ባርኔጣዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፣ ትልቁና ትንሹ። አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ ያን በጋ ዋሽቼሃለሁ። ደብዳቤው ና ነበር የሚለው።"

"አውቃለሁ" አለ፣ ሻዩን እያማሰለ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

በአገጩ ወደ ጥግ ጠቆመኝ። የጊታሩን ሣጥን ከፈትኩ። ጊታሩ የለም፣ ሸጦታል። ከጨርቁ ሥር ግን ወረቀቱ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ እንደታጠፈ ነበር። አንብቢው አለ። አነበብኩት፣ ሃያ አምስት ዓመት ዘግይቼ፣ ደስ እያላቸው እንደሚጋብዙት፣ ዋናው መድረክ፣ ሦስት ሳምንት። ጨረስኩ።

"አንብበሽ ጨርሰሽዋል?" አለኝ።

አዎ ልል ስል ያው የዚያን ቀን ጥያቄ መሆኑ ታወሰኝ። ወረቀቱን ገለበጥኩት።

ጀርባው ላይ የእጅ ጽሑፍ ነበር፣ በሰማያዊ ብዕር፣ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ፣ የኡድቫር። "ኣስመላሽ ወንድሜ፣ በስልክ እንዳወራነው ትንሿን ጸሐፊህን ይዘሃት ና። ሁለት አልጋ ያለው ጎጆ ይዤላችኋለሁ፣ ሚስቴ አሳማ እንዳይቀርብላት ታውቃለች። ባርኔጣም አዝዤላታለሁ። ለባንዱ ሰዎች ሁሉ እንደምትመጣ ነግሬአለሁ።"

እንደ ልጅነቴ ምላሴ ተጣበቀ።

"አባትሽን አስፈቅጄ ነበር" አለ። "ለሱ ቃል ገብቻለሁ፣ ትቼሽ የምሄድበት መንገድ አልነበረኝም። አልነግራትም፣ ራሷ አንብባ ትድረስበት አልኩ። ሸሚዝ ለብሼ ጠበቅሁሽ። አንቺ ግን ቦታው ሞልቷል አልሽ። ድገሚልኝ አልኩሽ፣ ደገምሽው። የሐዋ ልጅ ናት፣ አልሄድም ማለት ነውር ሆኖባት በፈረንጆቹ አመካኘች ብዬ አሰብኩ። እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ አልኩ። አባትሽንም ጉዞው ቀርቷል አልኩት፣ እሱም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።" ሻዩን አስቀመጠ። "ከእኔ ጋር መሄድ ያልፈለግሽ መስሎኝ ነው እኮ ጓለይ። ምን አስቀይሜያት ይሆን እያልኩ ኖርኩ።"

"አልገለበጥኩትም" አልኩት። "ወላሂ አልገለበጥኩትም። ትተኸኝ የምትሄድ መስሎኝ ነው።"

እኔ እሱን አስቀረሁት እያልኩ፣ እሱ እኔን አስከፋኋት እያለ፣ አንዲት ወረቀት መሃላችን ታጥፋ ሃያ አምስት ዓመት። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አለቀሰ ብዬ ስደነግጥ እየሳቀ ነው፣ ሳቁም መጨረሻው ላይ እንደ ድምፁ ስንጥቅ አለ። ተነስቶ በዳበሳ ትንሿን ባርኔጣ ከምስማሩ አወረደና ጭኔ ላይ አስቀመጣት። የባንዱ የአንድ ሰው።

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ዓይኑን ጨፈነ።

"ድገሚልኝ" አለኝ።

ፊትና ጀርባውን፣ ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳላስቀር፣ ጮክ ብዬ ደገምኩለት።